ወደብ ሲደመር «ር»

ከአዲስ አበባ አሜሪካ ለዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሞግዚት ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት የአክስቱ ልጅ ቡና እየቀዳለት «ትኬትህ መቼ ነበር ያልከኝ?» ይለዋል። እኔ ሁለተኛውን ሳምንት አጋምሼ፣ ልጅ ማስተኛቱን ገና በመለማመድ ላይ ሳለሁ፣ የአክስቴን ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ድንገት ቸርነት ተነሣበት።

«ቅዳሜ ሥራ አልገባም። ባልቲሞር ወስጄ ባሕር አሳይሃለሁ» አለኝ።

«አይቻለሁ» አልኩት።

«የት?»

«ባሕር ዳር።»

«እሱማ ሐይቅ ነው!»

«ዳሩን አየሁ አልኩህ እንጂ መሐሉን መች አልኩህ?»

አክስቴ ከወጥ ቤት ሆነው ሰሙን። «እኔን ጥላችሁ ሄዳችሁ ብትሰምጡ ውርድ ከራሴ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምፅዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። አክስቴም አራት ዓመት እዚያው ኖረዋል። በቤታችን የውሃ ጉዳይ ሰበር ሰሚ ችሎት እሳቸው ናቸው፤ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እንኳ መጀመሪያ የሚማከሩት እሳቸው ናቸው።

ቀኑ የፍልሰታ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። አክስቴ አስቀድሰው መጡና ቆሏቸውን በፌስታል ቋጥረው ከፊት ወንበር ተሰየሙ። የልጅ ልጃቸው ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ እንደምትጾም አውጃለች። ያወጀችው አይስክሬም ይዛ ነው።

«አይስክሬሙ ከምን ይሠራል?» አልኳት።

«ከቫኒላ» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ባልቲሞር አንድ ሰዓት አይሞላም። መኪና ማቆሚያ ፍለጋው ግን ሌላ አንድ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ አንድ ሕንፃ ሥር ገባን።

«ስንት ይላል?» አሉ አክስቴ።

«ሠላሳ ዶላር፣ እማዬ።»

«መኪናዋን ልታቆምላቸው ነው ልታስይዝላቸው?»

የአክስቴ ልጅ ሊያስረዳን ሞከረ። ወደብ ያለበት ከተማ ሁሉ ውድ ነው፣ ከውሃው ዳር ያለ መሬት ሁሉ ወርቅ ነው፣ ምናምን። ያኔ በራልኝ። «ገባኝ!» አልኩት። «ወደብ የሚለው ቃል ላይ አንድ ‹ር› ጨምርበትና አንብበው።»

አነበበው። ወደ ብር።

«የእኛስ?» አለኝ፣ ሊነካካኝ ፈልጎ።

ከእኔ ቀድመው አክስቴ መለሱ። «የእኛማ ወደቡም ሄደ፣ ብሩም ረከሰ። የቀረችን ‹ር› ናት፤ እሷን ይዘን እርር እንላለን።»

ፕራት የሚባለውን ጎዳና ተሻግረን ውሃው ዳር ደረስን። ውስጠኛው ወደብ ይሉታል። በሦስት ጎኑ በሕንፃ ተከቧል። አረንጓዴ ውሃ ነው፤ ዝም ያለ፣ ሙቀት ያዛለው። ከማዶ ፌዴራል ሂል የሚባል ኮረብታ አለ። አናቱ ላይ መድፍ ይታያል፤ አፉን ያዞረው ወደ ከተማው ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር የሰሜኑ ጦር እዚያ ላይ ሰፍሮ መድፉን ያነጣጠረው በባልቲሞር ላይ ነበር፤ ልቧ ከደቡብ ጋር ነው ተብላ ተጠርጥራ።

«መድፍ ወደ ባሕር አልነበር የሚዞረው?» አልኩ።

«መንግሥት ሁልጊዜ የሚፈራው የቅርቡን ነው» አሉ አክስቴ። ወዲያው አየሩን አሸተቱ። «ይኼ ባሕር ጨው ጨው አይልም።»

«ወንዝ ነዋ፣ እማዬ። ፓታፕስኮ ይባላል። ከዚህ ወርዶ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ታች ወደ ታች ሄዶ አትላንቲክ።»

«አትላንቲኩ ምን ያህል ይርቃል?» አልኩት።

«በመርከብ ከ250 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።»

«እና ይኼ ድሬዳዋ አውርደኸኝ ‹ጅቡቲ ገባን› ማለት አይደለም?»

ፈጣሪ ያሳያችሁ፤ ባሕር ላሳይህ ብሎ ሠላሳ ዶላር ከፍሎ ያመጣኝ ሰው ነው። እሱ ግን አልተበገረም። የባልቲሞር ብልሃቷ ይኸው ነው አለኝ። ውሃው ወደ መሬቱ ጠልቆ ስለሚገባ፣ መርከብ ከሌሎቹ የምሥራቅ ወደቦች ይልቅ ለመሐል አገር ቀርቦ ያራግፋል። ነጋዴዎቿም እ.ኤ.አ. በ1827 የባልቲሞርና ኦሃዮ የሚባለውን የባቡር ኩባንያ ያቋቋሙት ከዚህ የወረደውን ዕቃ ወደ ምዕራብ ለመግፋት ነው። ይኼን ሲናገር ደረቱን ነፋ። ባቡሩን ራሱ የዘረጋው ይመስላል።

«መልካም። መርከቦቹስ?» አልኩት።

ዞር ዞር አለ። እኔም አብሬው ዞርኩ። የሽርሽር ጀልባ አለ፣ የውሃ ታክሲ አለ፣ ቆመው የቀሩ የሙዚየም መርከቦች አሉ። ዕቃ ጭኖ የሚሄድ፣ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ ግን የለም።

«የሥራው ወደብ ወደ ታች ወርዷል» አለኝ። «የዛሬ ኮንቴነር መርከብ እዚህ ጓዳ ውስጥ መች ይገባል? ጥልቅ ውሃ ይፈልጋል። እዚያ ብትሄድ መኪናው ብቻ ጉድ ነው። በ2023 ከ840 ሺህ በላይ አነስተኛ መኪና ያለፈው በባልቲሞር ነው።»

«ታዲያ ለምን እዚያ አልወሰድከንም?»

«እዚያ ምን ይታያል? ክሬንና አጥር ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው እንግዲህ። ሥራ ያለበት ወደብ አጥር አለው፣ ሥራው የሄደበት ወደብ ትኬት አለው። የአክስቴን ልጅ ትከሻውን ይዤ፣ «ስማ! እኛ መርከብ አለን፣ ወደብ የለንም። እናንተ ደግሞ ወደብ አላችሁ፣ መርከብ የላችሁም። ለምን አናጋባቸውም?» አልኩት።

«ጥሎሹን በዶላር ነው የሚሉህ።»

«ሽማግሌ የሚሆነውስ ማን ነው?» አሉ አክስቴ። «ያሉት ሽማግሌዎች ራሳቸው አስታራቂ ይሻሉ።»

መርከቦቹ ሲወጡ የቀረው የበሰበሰ ምሰሶና ባዶ መጋዘን ነበር። ጄምስ ራውዝ የሚባል አልሚ መጥቶ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1980 ሃርቦርፕሌስ የተባሉትን ሁለት የገበያ አዳራሾች ውሃው ዳር ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ትልቁ የዓሣ ሙዚየም፣ ናሽናል አኳሪየም፣ ተከተለ። ሕዝቡ ጎረፈ። ሌሎች ከተሞችም «እንዴት አደረጋችሁት?» እያሉ ሊያዩ መጡ፤ የሲድኒው ዳርሊንግ ሃርቦር ከዚህ የተቀዳ ነው። ከጊዜ በኋላ አዳራሾቹ ራሳቸው አረጁና ባለ ሱቁ እየለቀቀ ሄደ፤ አሁን ፈርሰው ሌላ ይሠራ የሚለው በ2024 ምርጫ በከተማው ነዋሪ ድምፅ አልፏል።

«ኮሪደር ልማት ነው በለኛ!» አልኩት።

«የምን ኮሪደር?» እሱ ከአገር ከወጣ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

«አሮጌው ይነሣል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ መብራት ይተከላል፣ አንተ ፎቶ ትነሣለህ።»

«ነዋሪውስ?»

«ነዋሪውን ፎቶ አንሺው ‹ትንሽ ወደ ጎን... አሁንም ትንሽ ወደ ጎን...› እያለ ገላን ያደርሰዋል።»

ይኼኔ ልጅቷ ጮኸች። ውሃው ላይ በእግር የሚዘወሩ ጀልባዎች አሉ፤ ዘንዶ ነው የሚመስሉት፤ አንገት አላቸው፣ ጥርስ አላቸው፣ የጀርባ እሾህ ሳይቀር አላቸው። «አያቴ፣ ድራጎን እንንዳ!» አለች።

አክስቴ አማተቡ። «እኔ የጊዮርጊስ ልጅ! እሱ ፈረስ ጭኖ የወጋውን ዘንዶ እኔ በገንዘቤ ልጋልበው?»

ስለዚህ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። የፔዳል ጀልባ ከሩቅ ሲታይ ፍቅር ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ የቀን ሥራ ነው። ጉልበቴ አገጬን ይመታል፣ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ቆማለች፣ የልጅቷ እግር ፔዳሉ ጋ አይደርስም፤ ስለዚህ ሥራዋ አለቅነት ብቻ ነው።

«አጎቴ፣ ሌላው ድራጎን ቀደመን» አለችኝ።

«እሱ የሚዘወረው በአራት እግር ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ በአንድ እግርና በአንድ ቪዛ።»

ስንመለስ አክስቴ ዳር ቆመው «ጊዮርጊስ አስረከበህ?» አሉኝ። እግሬ ተብረክርኮ አልመለስኩም።

እግራችንን ልናፍታታ ዳር ዳሩን ስንሄድ፣ ጆንስ ፎልስ የሚባለው ትንሽ ወንዝ ወደቡ ውስጥ ከሚገባበት አፍ ላይ፣ አንድ ጉድ አየሁ። ትልቅ ነጭ ቀንድ አውጣ የሚመስል ተንሳፋፊ ነገር። ሁለት ድንቡል ያሉ ዓይኖች ተለጥፈውለታል። ጎኑ ላይ የውሃ ወፍጮ መንኮራኩር አለው። ከአፉ ረጅም የሚሽከረከር ምንጣፍ እንደ ምላስ ይዘረጋል፤ ወንዙ ከከተማው ጠርጎ ያመጣውን ጠርሙስ፣ የሲጋራ ቁራጭና ፌስታል ቀስ እያለ እየጎረሰ ከኋላው ወዳለው ገንዳ ያወርዳል። የሚያንቀሳቅሰው የወንዙ ጉልበት ነው፤ ወንዙ ሲደክም ደግሞ ፀሐይ ታግዘዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ እዚያው ነው። አንድ ጊዜ ከቆሻሻው መሐል በሕይወት ያለ ዘንዶ እባብ አውጥቷል።

«ስሙ ማን ነው?» አልኩ።

«ሚስተር ትራሽ ዊል» አለች ልጅቷ። ሚስተር! ወንድምና እህትም አሉት፤ አንዷ ፕሮፌሰር፣ አንዱ ካፒቴን፣ አንዷ ግዌንዳ። ሰው ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ቲሸርት ወጥቶለታል።

አክስቴ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሲጎርስ፣ ሲያላምጥ፣ ሲያወርድ። «ይኼን ‹አቶ ቆሻሻ› ብለው ጠሩት ማለት ነው?»

«ጌታው ቆሻሻ ማንሻ ቢሉት ይሻላል፣ እትዬ» አልኳቸው።

«የእኛን ሰፈር የምትጠርገዋ ሴትዮ ስንት ዓመት ጠረገች?»

«ሃያ ይሆናታል።»

«‹ወይዘሮ› ያላት ሰው ሰምተሃል?»

አልሰማሁም። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥረጊያዋን ይዛ የምትወጣው ሴትዮ «ፅዳቷ» ናት። ብረቱ ግን ዓይን ተለጥፎለት ሚስተር ተባለ። የተረብ ሰው ነኝና መልስ አላጣም ብዬ ነበር። እዚህ ላይ አጣሁ።

ከዚያ ምሳ ሆነ፤ ምሳ ባልቲሞር ውስጥ ሸርጣን ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ የጾሙን ነገር ለእናቱ አስረክቦ ስድስት ሸርጣን አዘዘ። አስተናጋጇ ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ወረቀት አነጠፈች። ሳሕን የለም፣ ሹካ የለም። ሄዳ የእንጨት መዶሻ ይዛ መጣች።

«እኔ ጋራዥ የገባን መሰለኝ» አልኩ። «የቀረው ግሪስ ነው።»

ሸርጣኖቹ መጡ። በሕይወት ሳሉ ሰማያዊ ናቸው ይላሉ፤ እንፋሎቱ አቅልቷቸዋል፤ ላያቸው ላይ ቀይ ቅመም እንደ አሸዋ ተደፍቶባቸዋል። የአክስቴ ልጅ አንዱን ገለበጠና ሆዱን አሳየን። የወንዱ ሆድ ላይ ያለው ቅርጽ የዋሽንግተንን ሐውልት ይመስላል፤ የሴቷ ደግሞ የካፒቶልን ጉልላት። እውነትም ይመስላል!

«ዜግነቱ ሆዱ ላይ ታትሟል በለኛ» አሉ አክስቴ። «እኛ ስምንት ዓመት ወረቀት ስንጠብቅ!»

«ቅመሺ እንጂ፣ እማዬ።»

«ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት አልበላም። በፍልሰታ ቀርቶ በፋሲካም አልበላም።»

«ቅርፊትማ አለው! መዶሻው የመጣው ለሱ አይደል?»

ይኼን ብሎ መታው። ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፤ ፍንጣሪው የእኔን ሸሚዝ አገኘው። እንደገና መታ። እግሩን ሰበረ፣ በጥፍሩ ፈለቀቀ፣ ጠባ፣ ጣቱን ላሰ። አርባ ደቂቃ ቀጠቀጠ። ወረቀቱ ላይ የፍርስራሽ ክምር ቆመ፤ ሥጋው ግን ተሰብስቦ ቢመዘን የአማች ጉርሻ አይሞላም።

«በዚህ ጉልበት ጌሾ ወቅጠህ ቢሆን» አሉ አክስቴ፣ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ፣ «ጠላው ደርሶ ነበር።»

እኔ? እኔ በፍልሰታ ስም ድንች ጥብስ አዘዝኩ። ቅመሙን ግን በጣቴ ቀመስኩ። ኦልድ ቤይ ይባላል፤ የሴለሪ ጨው፣ ቀይ በርበሬ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ፓፕሪካ፣ ሌላም ሌላም አለበት። ባልቲሞሮች ኮረሪማ እንደሚናፍቅ ሐበሻ ነው የሚሆኑለት። ይኼን ቅመም የፈጠረው ግን የባልቲሞር ልጅ አይደለም። ጉስታቭ ብሩን የሚባል ከናዚ ጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 እዚሁ ወደቡ አካባቢ የቅመም ንግዱን ሲጀምር የያዘው ከአገሩ ያመጣትን የቅመም መፍጫ ነበር።

«የእኛ ሰው በርበሬውን ይዞ ይሰደዳል» አልኩ። «ሰውየው ግን ወፍጮውን ነው ይዞ የተሰደደው።»

«ብልጥ ነዋ!» አሉ አክስቴ። «በርበሬ ያልቃል። የአንተ እናት በየሦስት ወሩ ስትልክ ዕድሜዋ አለቀ።»

ይኼን እየተባባልን ሳለ አንድ ነጭ የባሕር ወፍ መጥቶ መደገፊያው ብረት ላይ ቆመ። ከሩቅ እርግብ ይመስላል። ጠጋ ሲል ዓይኑ ቢጫ ነው፣ ድምፁ ሻካራ ነው፣ አንገቱን አስግጎ ይጮኻል። ካዛንቺስ ካዛንቺስ የሚል ነው የመሰለኝ። ድንች ጥብሴን አንድ እፍኝ አፈሰና መልስ ሳይሰጥ ሄደ። ወያላ ነው፤ ክንፍ ያለው ወያላ።

ከማዶ የዶሚኖ ስኳር ፋብሪካ ይታያል። የዶሚኖ ቀይ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ እዚያ አናቱ ላይ ነው፤ በ2021 በአዲስ መብራት ተተክቷል። ማታ ከተማው ሁሉ ያየዋል አሉን።

«ስኳር ስላለ ብቻ ይኼን ያህል መብራት?» አልኩ። «እኛ ጋ ሸማቾች ስኳር ሲመጣ የሚያበራው የሰልፈኛው ዓይን ብቻ ነው።»

አንድ መርከብ ከፋብሪካው ጎን ቆሞ ጥሬ ስኳር ያራግፋል። አክስቴ እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ ደግነው ሲያዩ ቆዩ። «ይኸው! ሥራ ያለው መርከብ አንድ ተገኘ» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ደስ ሲላቸው ያየሁት ያኔ ነው።

ወደ መኪናችን ስንመለስ በሙዚየም መርከቦቹ በኩል አለፍን። ኮንስተሌሽን የምትባለው ባለ ሸራ የጦር መርከብ የተሠራችው በ1854 ነው። ገላጭ ጽሑፉን የአክስቴ ልጅ ተረጎመልን። ከ1859 እስከ 1861 የአፍሪካን ዳርቻ ስትጠብቅ የባሪያ መርከቦች ይዛለች፤ በ1860 ኮራ ከምትባል አንዲት መርከብ ብቻ 705 ሰው አስለቅቃለች።

«እግዜር ይስጣት» አልኩ።

የአክስቴ ልጅ ግን አላቆመም። በዚያው ዘመን፣ ከዚሁ ከቆምንበት ጎዳና አጠገብ፣ ሰው በእስር ቤት ታጉሮ ወደ ኒው ኦርሊንስ በመርከብ ይሸጥ እንደነበር ነገረን። ወደብ ለወደብ፣ በዚያው በአንድ አገር ውስጥ፣ በሕግ። ትንሽ ወደዚያ ብንሄድ ፌልስ ፖይንት አለ፤ ፍሬድሪክ ዳግላስ በባርነት ሳለ የመርከብ ስንጥቅ ሲደፍን የሠራበት። በ1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የሌላ ሰው ወረቀት ይዞ፣ ከዚህ ከተማ በባቡር አመለጠ።

«እዚህ ይጭናል፣ እዚያ ያስፈታል» አሉ አክስቴ። «ይኼ መርከብ ነው መንግሥት?»

ልጅቷ ስለ ወደቀው ድልድይ የጠየቀችው እዚያው ላይ ነው። እዚህ ላይ ተረብ አይገባም። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል፣ ዳሊ የምትባል ሦስት መቶ ሜትር የምትረዝም የኮንቴነር መርከብ መብራት ጠፋባትና የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን ምሰሶ መታች። ድልድዩ በሴኮንዶች ውስጥ ወደቀ። ፖሊስ የመርከቧ የድረሱልኝ ጥሪ ደርሶት መኪና ማገድ ችሎ ነበር። ድልድዩ ላይ የአስፋልት ጉድጓድ ሲደፍኑ ከነበሩት ሠራተኞች ግን ስድስቱ ሞቱ። ስድስቱም ከላቲን አሜሪካ አገሮች የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የአክስቴ ልጅ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ሰው ሲያመላልስ በዚያ ድልድይ አልፏል። «ስንት ጊዜ» ብቻ አለ፤ አልጨረሰውም። አክስቴ አማተቡ። «የሌሊት ሥራ የስደተኛ ርስት ነው» አሉና ቀደሙን።

ቀድመው የደረሱት ቶርስክ ጋ ነው። ጥቁር ሰርጓጅ መርከብ ነው፤ አፍንጫው ላይ የሻርክ ጥርስ ተስሎበታል። ገላጭ ጽሑፉ ላይ አንድ ነገር ሲያስነብቡ አገኘኋቸው። ልጅቷ በጣቷ እየተከተለች ቁጥሩን ጠራችላቸው። 1944።

«የእኛ መርከብ እኩያ ነው» አሉ።

«የቱ የእኛ?» አለ ልጃቸው።

«አባትህ የነበረበቷ ነዋ። ‹ኢትዮጵያ› የምትባለዋ። የእሷም አገሯ እዚሁ አሜሪካ ነው። ድሮ ስሟ ኦርካ ነበር። በ44 ነው ሥራ የጀመረችው፣ በ62 ለጃንሆይ ሰጧት። ይኼን አባትህ አንድ ሺህ ጊዜ ነግሮኛል፤ አንተ ቀን መተኛት እንጂ መች ሰማህ!»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እሳቸው የትኬት መሸጫውን መስኮት እያዩ፣ «ስንት ነው?» አሉ።

«እማዬ፣ በጠባብ ቀዳዳ ነው የሚገባው። ጉልበትሽ...»

«ስንት ነው አልኩህ!»

«የቆመ መርከብ ለማየት ነው ይኼ ሁሉ፣ እትዬ?» አልኳቸው፤ ነገሩን ላቀለው ብዬ።

«የቆመማ ታድሏል» አሉኝ። ቦርሳቸውን ከፈቱ።

ገባን። ደረጃው እንደ ጉድጓድ ነው፤ አንድ በአንድ ነው የሚወረደው። አክስቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ከሁላችንም ቀድመው ወረዱ። ውስጡ የነዳጅና የድሮ ቀለም ሽታ አለው። አልጋዎቹ እንደ መደርደሪያ ተደራርበዋል፣ የነሐስ መክፈቻዎቹ ያበራሉ፣ ሰው የወለወላቸው ነገሮች ናቸው። አክስቴ አንዱን መክፈቻ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። የሚወለወል ነገር አልነበረበትም።

«ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ የመን ወደብ ላይ ቆማ ከርማ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ቶርስክ ቅዳሜም ክፍት ነበር።